የአጎቴ ልክ

አባቴ አጎቴን ሊገድለው እንደሆነ ከቤታችን ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ፣ በገዛ ዓይኔ አይቼ ነው የደረስኩበት። የወተት ጥርሴ ገና እየወለቀ ነበር፤ ቢሆንም ነገር በማወቅ በኩል ማን ይደርስብኛል! እናቴ «የዚች ልጅ ጆሮ ግድግዳ ይበሳል» ትላለች። ሙገሳ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ይመስለኛል።

አባቴ አናጢ ነው። መሥሪያ ክፍሉ ከቤታችን ጀርባ የተቀጠለች፣ ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ በር የምትገናኝ ጠባብ ቤት ስለነበረች ከምሳችን ሰጋቱራ ጠፍቶ አያውቅም። በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ቁም ሳጥን ይሠራል፤ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ደግሞ የሬሳ ሳጥን ይሠራል። በሥራው አይታማም። እሱ የሠራው በር ክረምት ሲገባ አያብጥም፣ በጋ ሲመጣ አይላላም። ጣውላ ሲገዛ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጠርዙ በኩል ያይና ትንሽ ከጎበጠ «ከዚህ ቤት ጠማማ ነገር አይወጣም» ብሎ ወደ ማገዶው ክምር ይወረውረዋል። እንግዳ ቢኖር ባይኖር ይቺን ሳይል አይውልም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጠመንጃ አንግቶ ጫካ ለጫካ እየዞረ አውሬ የሚገድሉ ሌቦችን የሚያባርር የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበር። ተኩሶ ስለማይስት ሰው ሁሉ «ኢላማ» ይለዋል፤ በስሙ የምትጠራው እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። አባቴን «ጋሼ» ነበር የሚለው። «ጋሼ መጣሁ፣ ጋሼ ምን ላግዝህ፣ ጋሼ ይቺን እኔ ልያዝልህ» እያለ ቤቱን ያደምቀዋል።

አንድ ቀን አጎቴ ጣውላ ይዞለት አባቴ ሚስማር ሲመታ፣ ሚስማሩ ከመዶሻው ሥር ፈነጠረና የአጎቴን ቀኝ ዓይን መታው። ዓይኑ ጠፋ። ደግሞ የሚያነጣጥርበት ዓይን! ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። አጎቴ እኛን ሊጠይቅ ሲመጣ አባቴ ድምፁን ከሰማ መሥሪያ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። አጎቴም በሩን አየት ያደርግና «በሉ ልሂድ» ብሎ ይነሳል።

«ኧረ ተው አንተ ሰው፣ እስከ መቼ ነው? ሂድና አነጋግረው እንጂ» አለችው እናቴ አንድ ቀን።

«ዓይኑን ማየት አልችልም አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጮኸባት።

ክው አልኩ። ጎረቤታችን ከእህቷ ጋር ስትጣላ «ዓይኗን ማየት አልፈልግም» ስትል ሰምቻለሁ፤ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አይነገርም። አባቴ አጎቴን ጠልቶታል። ዓይኑን ያጠፋው ራሱ ሆኖ መልሶ መጥላቱ ትንሽ ግራ ቢያጋባኝም፣ የትልልቅ ሰው ጠብ መቼም መላ የለውም ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ሳስበው አባቴ የተናገረው ቃል በቃል ነበር። ያቺን ዓይን ማየት አይችልም ነበር። ሌላም ነገር ነበር፤ የአጎቴ ዓይን ከጠፋ ወዲህ ሚስማር አልመታም። አልጋውንም ወንበሩንም በብሎንና በኮላ ነበር የሚያያይዘው፣ ሥራውን እጥፍ እያስረዘመበት። እኔ ብሎን ዘመናዊ ስለሆነ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክሞ ገባ። በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ሲፈታው ጠመንጃ! ጆሮዬን ቀስሬ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ።

«እንዴት ሰጡህ?» አለች እናቴ።

«የጠባቂዎቹ አለቃ ናቸው የሰጡኝ። ብረቱ የመንግሥት ነው፣ እንጨቱን እንደፈለግህ አድርገው አሉኝ።»

«ወይ ወንድሜ!» አለች። «ኬላው ላይ አጣና ሲያነሳና ሲጥል ሊኖር ነው እያልኩ አንጀቴ አርሮ ነበር።»

«አይኖርም። ፈተናው ሳይደርስ ልክ አስገባዋለሁ።»

ልክ አስገባዋለሁ! ይቺን አነጋገር በደንብ አውቃታለሁ። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ከመታኝ አባቴ «ነገ መጥቼ ልክ አስገባዋለሁ» ይላል። ድመቷ ሥጋ ከሰረቀች «ልክ ነው የማስገባሽ» ይላታል። አሁን ደግሞ በጠመንጃ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጠባቂዎቹ በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ይፈተናሉ። አጎቴ ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ ከጫካው ወጥቶ ኬላ ላይ መኪና ሲመጣ አጣናውን ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ ማድረግ ሆኗል ሥራው። አለቃው ፈተናውን ካለፈ ወደ ጫካው እንደሚመልሱት፣ ከወደቀ ግን እዚያው ኬላው ላይ እንደሚቀር ቁርጡን ነግረውታል። በግራ ትከሻው መተኮስ ሞክሮ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የቀኝ ሰው ሆኖ ኖሮ ሰውነቱ እምቢ አለው። በቀኝ ትከሻው ሲያስደግፈው ደግሞ ማነጣጠሪያው ፊት የምትመጣው የጠፋችው ዓይን ናት። አባቴ ያሰበው የጠመንጃውን እንጨት፣ ሰደፉን ራሱን ማጠፍ ነው። ትከሻው ላይ ከሚያርፈው ጫፍ ተነስቶ ጉንጭ ሥር ሲደርስ ወደ ግራ የሚጎብጥ እንጨት ከተሠራለት፣ ጠመንጃው ቀኝ ትከሻ ላይ ሆኖ ማነጣጠሪያው ግራ ዓይን ፊት ይመጣል። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ። ጠመንጃው ቃታ እንዳልነበረውም ያኔ ነው የሰማሁት። አለቃው ቃታውን አውጥተው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበት ነበር፤ በዚያ ጠመንጃ ዝንብ እንኳ አይገደልም ነበር።

በማግስቱ አባቴን ማገዶው ክምር ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ራሱ የጣለውን እንጨት አንድ በአንድ እያነሳ ያያል። ቀጥ ያለውን እየወረወረ ጠማማውን ያስቀምጣል! ያመመው መሰለኝ። ከዚያ ክምር የሚሆነውን ሲያጣ እንጨት ሻጮቹ ጋ ሄደና ጉልበት የሚያህል ጉብጠት ያለው የወይራ ግንድ ይዞ መጣ።

«አባዬ፣ ጠማማ ነው እኮ» አልኩት።

«አያለሁ።»

«ከዚህ ቤት ጠማማ ነገር አይወጣም አላልክም?»

«ይሄ ይወጣል» አለኝ። «ቀጥ ካለ ጣውላ ጎባጣ ነገር ብቆርጥ የእንጨቱ ጅማት መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ሲተኮስበት ለሁለት ይሰነጠቃል። ይሄ ግን ሲያድግ ነው የጎበጠው፤ ጅማቱም አብሮት ጎብጧል። አይሰበርም።»

ሲተኮስበት አለ። በአፉ!

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ እሱን መጠበቅ ሆነ። ግንዱን በሞርሳ አስሮ በመጋዝ ገመሰው፣ በመሮ ቦረቦረው። ብረቱ የሚቀመጥበትን ቦይ ሲያስተካክል ደግሞ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ጥላሸት በዘይት ለውሶ ብረቱን በስሱ ይቀባዋል፣ እንጨቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ቀስ አድርጎ ያነሳዋል። ብረቱ የገፋው ቦታ እንጨቱ ላይ ጠቁሮ ይታያል። የጠቆረችዋን ብቻ በመሮ ጫፍ ይፍቃታል። እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ያስቀምጣል፣ እንደገና ያነሳል። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ ልጮህ ስደርስ እሱ ትንፋሹን ውጦ ሌላ ጥቁር ነጥብ ይፈልጋል። እጁም ፊቱም ጥላሸት ለብሶ የከሰል ነጋዴ መስሎ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ግን ምን ሊያደርገው ነው?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«ተይው ልጄ» አለችኝ ሽንኩርት እየከተፈች። «አሁን ሳይጨርሰው ዕረፍት የለውም።»

እሷም አውቃለች ማለት ነው! የገዛ ወንድሟን! እራቴን አልበላሁም።

አጎቴ መሥሪያ ክፍሉን የረገጠው ለልኬት በተጠራ ጊዜ ነው። እናቴ ሄዳ ለምና፣ ተቆጥታ፣ በስሙ ጠርታ ነው ያመጣችው። መሥሪያ ክፍሉ መሐል ቆመ። አባቴ ግድግዳው ላይ ያለውን መጋዝ ያያል። አጎቴ ጣሪያውን ያያል። መጨረሻ ላይ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ጠመንጃ እንደያዘ ሆኖ ይቁም በዪው።»

«ጠመንጃ እንደያዝክ ሆነህ ቁም ይልሃል» አልኩት አጎቴን።

«ቆሜያለሁ በዪው።»

«ቆሜያለሁ ይላል።»

«እንደ ጅብራ አይገተር፣ ትከሻውን ያላላ በዪው።»

«እንደ ጅብራ አትገተር ይልሃል።»

«ጅብራ ራሱ ነው በዪው።»

«ጅብራ ራስህ ነህ ይልሃል፣ አባዬ።»

እናቴ አፏን በመዳፏ አፍና ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን አባቴ ከኪሱ ሲባጎ ሲያወጣ ሳቄን ተውኩት።

አባቴ ልክ በወረቀት አይጽፍም። ሲባጎ ይዘረጋና በሚፈልገው ቦታ ቋጠሮ ይቋጥራል። ለበር ሲሆን በሩ የሚገባበትን ይለካል፣ ለአልጋ ሲሆን ክፍሉን ይለካል። ሰው ሲለካ ያየሁት አንድ ጊዜ ነበር፤ ሽማግሌው ጎረቤታችን ሲሞቱ። ሲባጎውን ከራሳቸው እስከ እግራቸው ዘርግቶ፣ ቋጥሮ፣ ወጣ፤ በማግስቱ ሳጥኑ ደረሰ። አሁን ያንኑ የሲባጎ ድውር ይዞ በሁለት እግሩ የቆመውን አጎቴን መለካት ጀመረ። ከክንዱ መታጠፊያ እስከ ጣቱ ለካ፣ ቋጠረ። ከትከሻው እስከ ጉንጩ አጥንት ለካ፣ ቋጠረ። ከአፍንጫው እስከ ግራ ዓይኑ ሲደርስ ዓይኑን ከሲባጎው ላይ አላነሳም። ከንዴቱ የተነሣ ነው አልኩ። አጎቴ ደግሞ እንደ በግ ቆሞ ይለካል! ሲጨርስ አባቴ ሲባጎውን መስኮቱ አጠገብ ሰቀለው።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? አባቴ ሥራ የማያባክን ሰው ነው፤ ጠመንጃውንም ሳጥኑንም ራሱ ይሠራል፣ ልኩንም አስቀድሞ ወስዷል።

ሰደፉ አለቀ። በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በጨርቅ ታሸ። በየቀኑ የተልባ ዘይት በመዳፉ ይቀባዋል፤ መዳፉ እስኪሞቅ ያሸዋል፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ይሰቅለዋል። ሲደርቅ ማር ማር የሚል ቀለም አወጣ፤ የወይራው ጅማት ጉብጠቱን ተከትሎ ሲታጠፍ ይታያል። ጠማማ ነገር እንደዚያ ሲያምር አይቼ አላውቅም። ያሳዘነኝም ይሄው ነበር።

አጎቴ ለመጨረሻው ልኬት የመጣው ፈተናው ደርሶ ሳለ ነው። እናቴ ገበያ ሄዳለች። ቤቱ ውስጥ እነሱና እኔ ብቻ። አባቴ ብረቱን እንጨቱ ውስጥ አስገብቶ ብሎኖቹን አጥብቋል። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፊቱን አዞረ።

«ያንሳው በዪው።»

እኔ ወደ አጎቴ ተጠጋሁ።

«ምነው? ያንሳው በዪው እንጂ!»

«አጎቴ፣ ሩጥ!» ብዬ ጮህኩ። «ሊገልህ ነው! ልክ አስገባዋለሁ ብሏል! ልክህን ወስዷል፣ ሲባጎውም ያው፣ ሳጥንህን ሊሠራው ነው! ሩጥ እባክህ!» እግሩ ላይ ተጠምጥሜ እዬዬ አልኩ።

ከዚያ አጎቴ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ፣ «ልጅቷን ምን ብለሃት ነው?» አለ።

«እኔ ምንም አላልኳት!» አለ አባቴ ደንግጦ። «እንጨቱን ነው ልክ አስገባዋለሁ ያልኩት። እንጨቱን!»

«ዓይኑን ማየት አልችልም ብለሃል!» አልኩ። «ለእማዬ ስትነግራት ሰምቻለሁ!»

አጎቴ ቀስ ብሎ «እንደዚያ ብለሃል?» አለው።

«ብያለሁ» አለ አባቴ ለግድግዳው። «አልችልም። አሁንም አልችልም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

አጎቴ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀው። «እኔ እኮ ጣውላውን በደንብ ስላልያዝኩልህ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነው» አለ። «ሸርተት ሲልብኝ ተሰምቶኛል። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አትመታውም ነበር። በር የምትዘጋብኝ ለዚያ መስሎኝ...»

«አንተ ጅል!» አለ አባቴ። «አንተ ሞኝ! እኔ አንተን ልቀየም?» ከዚያ ዞረ፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የአጎቴን ፊት ቀና ብሎ ያየው፣ ያቺን ዓይን ጭምር። እስኪበቃው አየ። እኔ ግን አሁንም የአጎቴን እግር አልለቀቅኩም፤ እርቅ ነው ብሎ ማን ያምናል?

አጎቴ እኔን እግሩ ላይ እንዳንጠለጠለ ጠመንጃውን አነሳ። ግራ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሰደፉን ቀኝ ትከሻው ላይ አሳረፈ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አስቀመጠ። አባቴ ትንፋሹን ዋጠ። አጎቴ ዓይኑን ከፈተ። በመስኮቱ በኩል ማዶ ያለውን የስልክ እንጨት ጫፍ አነጣጠረ። አልተንቀሳቀሰም፤ አንገቱን አላዘመመም፣ ትከሻውን አላስተካከለም። እንደዚያው እንደቆመ ከምታየዋ ዓይን ሳይሆን ከጠፋችው ዓይን እንባ ወረደ። የጠፋ ዓይን ማልቀስ መቻሉን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«ልክ ነው» አለ። «ልክ ነው፣ ጋሼ።»

ፈተናውን አለፈ። ባልደረቦቹ ጠመንጃውን ሲያዩ «ይሄ ነገር ጥግ ዞሮ ነው እንዴ የሚተኩሰው?» እያሉ በሳቅ ፈርሰው ነበር፤ ተኩሱን ሲያዩ ግን አፋቸውን ያዙ። ወደ ጫካው ተመለሰ፣ እስከ ጡረታው እዚያው ሠራ። ቤታችን ሲመጣ «ሕይወቴን ያተረፈችልኝ የት አለች?» ብሎ ነበር የሚገባው። ሰው ሲስቅ እኔ አልስቅም። ያተረፍኩትማ አትርፌዋለሁ፤ ያን ቀን አፌን ዘግቼ ቢሆን ሁለቱ እስከ ዛሬ በእኔ በኩል ይነጋገሩ ነበር።

አጎቴ ጡረታ ሲወጣ ብረቱን መንግሥት ወሰደው፤ እንጨቱን ፈትተው ሰጡት። አሁን እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። አንዳንዴ አወርደውና ትከሻዬ ላይ አሳርፈዋለሁ። ለእኔ አይሆንም። ለማንም አይሆንም።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ሞተ። አባቴ አርጅቷል፤ ልጆቼ «አያታችን አይችልም፣ ሳጥኑ ይገዛ» አሉ። አባቴ ተነስቶ መሥሪያ ክፍሉን ከፈተ። እናቴ ተከትላው ገባችና የሲባጎውን ድውር አቀበለችው። አየው፣ መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠው።

«ልኩን አውቀዋለሁ» አለ።

ጣውላውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ ጎንበስ አልኩ። ሚስማርም መዶሻም በክፍሉ የለም፤ የያዘው ብሎንና መፍቻ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ መፍቻውን ብሎኑ ላይ ሳያሳርፍ ቆም አለና «ፊትሽን አዙሪ» አለኝ።

አዞርኩለት። ሲያለቅስ ድምፁን ብቻ ሰማሁ።